ከጓሮው ሥር ያለው ግንብ

አካፋው ጠንካራ ነገር ነካ። ዊልማር ጎንበስ ብሎ አመድማውን አፈር በእጁ ጠረገው። ቀይ ጡብ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ሌላ፣ በኖራ የተያያዘ።

"ድንጋይ ነው" አለ።

"ግንብ ነው" አለች አማቱ ዶሚቲላ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና። "ውጣ በቃ።"

"አምስት ጡብ ብነቅል ማን ያያል፣ ዶኛ ዶሚ?" አላት በአክብሮት ጠርቶ።

"እኔ አይቻለሁ።"

ከመንደሩ ሥር ስፔኖች ሠርተውት፣ ምድር ቢንቀጠቀጥባቸው ጥለውት የሄዱ ከተማ አለ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእሳተ ገሞራው አመድ ቀብሮታል። ተቆፍሮ የወጣውን ክፍል ዶሚቲላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዘበኝነት ጠብቃዋለች። ያልወጣው ግን በየሰው ጓሮ ሥር ነው፤ እሱንም መንካት ክልክል ነው።

የሚቆፈረው ለመጸዳጃ ቤት ነበር። አሮጌው ባለፈው ሳምንት በዝናብ ተደረመሰ። መጀመሪያ በሐይቁ በኩል የቆፈሩት ውሃ ሞላው፤ ከጓሮው የቀረው ከፍ ያለ ቦታ ይኸው ብቻ ነው። ሰማንያ አራት ዓመት የሆናት የዶሚቲላ እናት ቶማሳ ወገቧን ያማታል። እስከ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ሲወስዷት ትናንት መንገድ ላይ ሽንቷ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ ውሃ መጠጣት ትታለች።

"ትንሽ ጠጪ እንጂ፣ እማ።"

"አልጠማኝም" አለች አሮጊቷ። ከንፈሯ ደርቋል።

ዶሚቲላ ለአለቃዋ ደወለች።

"ምንም እንዳትነኩ" አላት። "ባለሙያ ይመጣል።"

"መቼ?"

"ዝናቡ ሲያበቃ።"

"ኅዳር ማለት ነው። እናቴ እስከዚያ ምን ታድርግ?"

"ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል" አላት ሰውየው።

ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ጎረቤቷ ሬይናልዳ ለልጇ ክፍል ልትሠራ መሠረት ስታስቆፍር እንዲሁ ጡብ ወጣ፤ ደውላ ያስቆመችው ዶሚቲላ ነበረች። ባለሙያው እስካሁን አልመጣም። ልጁ ሚስቱን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ኮስታ ሪካ ገባ። ሬይናልዳ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላት አታውቅም።

ዊልማር አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። "ታዲያ ምን እናድርግ?"

ዶሚቲላ የእናቷን ክንድ ይዛ አስነሳቻት።

"ትምህርት ቤቱ እኮ በዚያ ነው" አለች ቶማሳ።

"ሬይናልዳ ጋ ነው የምንሄደው። ቅርብ ነው።"

"እሷማ አታስገባንም።"

"ትስደበኝ።"

ሬይናልዳ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። መዝጊያውን አልከፈተችም።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"መጸዳጃችን ፈርሷል። አዲስ ስናስቆፍር ግንብ ወጣ።"

"ለአለቆችሽ ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ለራስሽም እንኳ አታዝኚም።" ሬይናልዳ አሮጊቷን አየቻት፤ ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላለች። መዝጊያውን ለአንድ ሰው ያህል ከፈተችው። "ዶኛ ቶማሳ ይግቡ። እኔ እደግፋቸዋለሁ። አንቺ ግን ግቢዬን አትረግጪም።"

"ነገም እናመጣታለን። ከነገ ወዲያም።"

"ዊልማር ያምጣቸው።"

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ዶሚቲላ የእናቷን ክንድ ለሬይናልዳ አስረከበችና ከመዝጊያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች።