ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ልጇ አንዱዓለም ጥቁር በጥቁር መልበስ ከጀመረ ወዲህ ብርቄ ባየችው ቁጥር ታማትባለች። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ አንድ ዓይኑን የሚጋርድ ፀጉር። «ማን ሞቶብህ ነው?» ስትለው፣ «ኢሞ የሚባል የሙዚቃ ስልት ነው እማ፤ የሆድን በዜማ ማውጣት ነው» ይላታል።

የሆድን ማውጣቱስ ባልከፋ። የሚያወጣው ሁሉ ግን እንባ እንባ አላት። ወጣት ማእከል ሄዶ ጊታር ከለመደ በኋላ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይሠራል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በስልኩ ይቀርጽና ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። የሚሰሙት እየበዙ ሄደው፣ እዚሁ ከተማ ፒያሳ ያለ አንድ ካፌ ቅዳሜ መጥቶ እንዲዘፍን ጠራው። የመጀመሪያ መድረኩ ነው።

ብርቄ ፈራች። ባሏ ነጋ በመተማ መንገድ የጭነት ማኪና ይነዳል። አባት መንገድ ላይ እያለ ቤት ውስጥ እንደ ሙሾ ማንጎራጎር፣ ለእሷ ሞትን በስሙ እንደ መጥራት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሟርትህን ተው!»

«ሟርት አይደለም እማ። አንቺ ካልመረቅሽኝ ግን አልሄድም። ለካፌው ሰውዬ ዛሬ ቁርጡን መንገር አለብኝ።»

«ከገበያ ስመለስ እነግርሃለሁ» ብላ ወጣች። መልሱን ግን በልቧ ጨርሳዋለች፤ አይሄድም።

ከአዘዞ ገበያ ሽንኩርቷን ይዛ ስትመለስ፣ ግቢዋ በር ላይ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። የዕድሩ ዳኛ አያ ምንይችል አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል።

ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። ማኪናው ገደል ሲገባ ታያት። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ይኸው መጣ።

«ነጋ ነው? ንገሩኝ እንጂ! ነጋ ነው?»

ጎረቤቷ እማማ ትርንጎ አቀፏት። «ምነው ልጄ፣ አንቺም አልሰማሽም? እኛ እኮ ለቅሶው ካንቺ ቤት ሲመጣ ሰምተን ነው።»

በዚህ መሀል የቤቱ በር ተከፈተና አንዱዓለም ጊታሩን እንደያዘ ብቅ አለ። ሴቶቹ ጥቁር ልብሱን ሲያዩ ጭራሽ ኡኡ አሉ።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«አንተ ንገረን እንጂ!» አለ አያ ምንይችል። «ቅድም ስታለቅስ የነበርከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ? እኔማ የቅዳሜውን ዘፈን ስለማመድ ነበር።»

ብርቄ ወደ ነጋ ደወለች። «ሸኽዲ ከተማ ነኝ፣ ምሳ እየበላሁ» አላት አፉ እንደሞላ። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

አያ ምንይችል ወንበሩን ዘጭ አድርጎ አወረደ። «በል ልጄ፣ ይሄን ወንበር ወደ ዕድሩ ቤት የምትመልሰው አንተ ነህ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ «ገና ስትለማመድ እንዲህ ካስለቀስክ፣ የፒያሳ ሰው አለቀለት!» አለችው።

ሊበተኑ ሲሉ እማማ ትርንጎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ አልሄድም። ልጄ በረሃ ከቀረ ወዲህ እንባዬ ደርቆብኝ ነው የኖርኩት። ቅድም በአጥሩ ስሰማህ ሆዴ ባባ። በል አዚማት፣ እስከ መጨረሻዋ።»

አንዱዓለም እናቱን አየ። አልከለከለችውም። ጊታሩን ቃኘና ጀመረ።

«ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ እናቴ አትባንኚ፣
ገና ካልመጣው ቀን፣ ያለውን እመኚ።»

ብርቄ ግድግዳውን ተደገፈች። ዜማውን ብቻ እየሰማች ስትሸሸው፣ ቃሉን አንድ ቀን እንኳን አድምጣው አታውቅም። ልጇ ሞትን እየጠራ አልነበረም፤ እሷን እያባበለ ነበር። እማማ ትርንጎ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፣ ሴቶቹም አብረው። ሲያበቃ አሮጊቷ ፊታቸውን ጠርገው፣ «ሸጋ ነው። ቀለል አለኝ» አሉ።

ሁሉም ወደ ብርቄ ዞሩ።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?»

«አስር ሰዓት።»

«ሲመሽ በምን ትመለሳለህ? ባጃጁ ቢገለበጥስ? ያ የምትዘፍንበት ማይክ ኤሌክትሪክ ቢያስይዝህስ?»

«እማ!»

«ስለዚህ እኔም እመጣለሁ። እማማ ትርንጎም ይመጣሉ። ለሰውዬው ደውልለት፣ ፊት ለፊት ያስቀምጠን።» ስልኩን ራሷ እጁ ላይ አደረገችለት። «ቶሎ በል፣ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ሳይታየኝ።»