ወንዙን የተሻገረች ነጥብ

ካርታው ላይ ሃያ ሦስት ነጥቦች አሉ። አባቴ የሚጨቀጭቀኝ ግን ስለ አንዷ ብቻ ነው። «ማንአለብሽ አለች?» ይለኛል። «አለች፣ አባባ፣ የት ትሄዳለች?» እለዋለሁ። ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነች ስጠይቀው፣ «ያደርንበት ነው» ይለኛል።

ካርታው የሚገባበት መጽሐፍ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የእኛ ሽማግሌዎች ከኢትዮጵያ በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡበትን መንገድ ይተርካል። ካርታውን የሠራው ለሃቪም የምትባለው ከተማ የሚኖረው የካርታ ባለሙያ ናዳቭ ነው። አባቴ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ ወዲያና ወዲህ እያስገፋ፣ የወንዙን መታጠፊያ እስኪያገኝ እረፍት አልሰጠውም። ናዳቭም ነጥቧን እዚያው ተከላት።

በናዳቭ ፕሮግራም ውስጥ ነጥብ ማለት መሬት ላይ የተቸነከረ ነገር ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ሥዕል ነው። የመጽሐፍ ገጽ አሰናጂ ነኝ፤ ቀለም እቀይራለሁ፣ መስመር አወፍራለሁ፣ በማውስ ጎተት ካደረግሁት ተራራም ከቦታው ይነሣል።

ማንአለብሽ ያረፈችው ሁለቱ ገጾች የሚሰፉበት እጥፋት አፋፍ ላይ ነበር። ስሟ እጥፋቱ ውስጥ ሊዋጥ ሆነ። ስለዚህ ነጥቧንም ስሟንም አንድ ላይ ይዤ ትንሽ ወደ ግራ ገፋኋቸው። አማረልኝ፤ እንዲያውም ኮራሁ።

ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚጠብቀው ሐሙስ ቀትር ላይ ነበር። ጠዋት አትሜ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፤ ጣቱን ከመንደራቸው አስነሥቶ በመንገዱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማን አሻገራት?»

«ማንን?»

«ማንአለብሽን።»

«አባባ፣ ለዲዛይኑ ብዬ እኮ ነው። አንድ ሳንቲሜትር! ሎ ኖራ፣ ምንም አይደል።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ ናት» አለ። «ሰባት ዓመቷ ነበር። አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር ደረስን፤ ሲነጋ አረፈች። ቀበርናትና ተሻገርን። ለእናቴ፣ ያለችበትን አልረሳም ብዬ ምዬላታለሁ።»

በሠላሳ ዓመቴ አክስት እንደነበረችኝ የሰማሁት መቃብሯን ከቦታው ካነሣሁ በኋላ ነው። አፈርኩ። አለቀስኩም።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የናዳቭን ካርታ ከሥር አንጥፌ ነጥቧን ልክ በቦታዋ ላይ መለስኳት፤ ዳግመኛ እንዳትነቃነቅም ቆለፍኳት። ስሟ ግን አሁንም እጥፋቱ ሊውጠው ነው። ከወንዙ ማዶ ብጽፈው በቀጭን መስመር ከነጥቧ ጋር ማገናኘት እችላለሁ። ሳልጠይቀው ለመንካት ግን አልደፈርኩም።

«አባባ፣ ነጥቧ እዚያው ትቆይና ስሟን ብቻ ወዲያ ማዶ ብጽፈውስ?»

ጣቱን ከወንዙ ላይ አላነሣም።

«አሻግሪው» አለኝ። «እኔም ይዤ የተሻገርኩት ስሟን ብቻ ነው።»