የቆመው ላሜራ

ሹፌሩ ይግዛው በዚህ ዓለም ላይ እንደ ነፋስ የሚያናድደው ነገር አልነበረም። ይህ ግን ከደምለው ጋር ከመተዋወቁ በፊት ነው።

የሚነዳው ፒካፕ ጀርባው ላይ ቤት ተሸክሟል። ቤት ሲባል አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያና የክትባት በረዶ ሣጥን ያለበት የቆርቆሮ ክፍል ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ሰገነት ከቢቸና ተነስታ በሞጣ ዙሪያ ስትዞር የምታድረው እዚያ ውስጥ ነው፤ ይግዛው ጋቢና ውስጥ ይተኛል። ቤቱ ከጋቢናው ከአንድ ክንድ በላይ ከፍ ብሎ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። ደብረ ወርቅን አልፈው ሜዳው ላይ ሲወጡ ነፋሱ ያንን ግድግዳ በጥፊ ይለዋል፤ መኪናው ያቃስታል፣ ነዳጁን እንደ ውሃ ይጠጣል። ነዳጅ ደግሞ በደብዳቤ የሚቀዳበት ጊዜ ነው።

ይግዛው ሦስት ቅዳሜውን ሠዋ። ከበያጁ ወዳጁ ከውበቴ ግቢ አሮጌ ላሜራ አገኘ። በብረት ቱቦ እግር አበጀለት፣ ጋቢናው ጣሪያ ላይ በብሎን አሰረው፣ እንዳይንቀጫቀጭ ከሥሩ የከመነዳሪ፣ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ወሸቀበት። ነፋሱ ተንሸራቶ በቤቱ አናት ላይ እንዲያልፍ ላሜራውን ወደ ኋላ አጋደመው። ምን ያህል ይጋደም? የሚጠይቀው ሰው የለም። ስለዚህ በቤቱ ግንባር ላይ ቀይ ክሮች አሰረና እየነዳ ሰገነት በመስኮት ብቅ ብላ እንድታይለት ለመናት።

«ዶክተር፣ ክሮቹ እንዴት ናቸው?»

«እስክስታ ላይ ናቸው ጋሼ!»

ወርዶ ላሜራውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገው። ደግመው ሄዱ።

«አሁንስ?»

«አደብ ገዙ! ሁሉም ወደ ላይ ተኝተዋል።»

መኪናው ያን ቀን እንደ ልቡ ሄደ። የሚፈለግበት ጊዜም ደርሶ ነበር። ከሞጣ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ አባ ሰንጋ ገብቶ ሁለት በሬ ገድሏል፤ ገበሬዎቹ ዓርብ ጠዋት ከብቶቻቸውን ሰብስበው ሊጠብቁ ቃል ገብተዋል። የተፈቀደው ነዳጅ መኪናውን እዚያ ድረስ ለማድረስ ልክ በልክ ነው፤ እሱም ላሜራው ሥራውን ከሠራ። የመመለሻው ሰኞ ከሞጣ ማደያ በጀሪካን ይመጣል ተብሏል።

ሐሙስ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ደምለው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ።

«ይሄማ ፈጠራ ነው!» አለ። «ጽሑፍ ብቻ ነው የጎደለው።»

ሠዓሊ አስጠርቶ «የእንስሳት ጤና አገልግሎታችን በፍጥነት እየገሰገሰ ነው» ብሎ ላሜራው ላይ በቀይ ቀለም አስጻፈ። ከዚያ ከፊት ቆሞ ፎቶ ሊያነሳ አነጣጠረ። ፊደሎቹ ተጋድመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ጋሽ ይግዛው፣ ያቃኑልኝ።»

«ምኑን?»

«ላሜራውን። አይነበብም እኮ።»

«ከተቃና ነፋሱን አቅፎ ይይዛል። የተጋደመው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለአሞራ ነው የጻፍነው?»

ይግዛው ለኃላፊው አቤት አለ። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ «በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት ይስተካከል» አለው። መኪናውን በመስኮት እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

አለማወቅ ቢሆን ይግዛው ይቅር ይል ነበር፤ እሱ ራሱ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። ያናደደው ማወቃቸው ነው። ነግሯቸዋል፣ ሰምተዋል፣ ገብቷቸዋል። ከብቱ የራሱ ጉዳይ፣ ፊደሉ ይነበብ ብለው መረጡ። ደግሞ ይህንን ሥራ ብለው ይጠሩታል፣ ደመወዝ ይበሉበታል፣ ማታ ቤታቸው ገብተው ደክሞናል ይላሉ። ይግዛውም የብሎን ቁልፉን አንስቶ ላሜራውን አቃናው። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀጠረ እጅ እሺ ማለትን ለምዷል። ከሁሉም ከሁሉም የገዛ እጁ አስጠላው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ ፎቶ ሊያነሳ የመጣውን ደምለውን ጨምሮ ሦስቱም ተነሱ። ደብረ ወርቅን እንዳለፉ መኪናው ከፊቱ ሰው የሚገፋው ይመስል ማቃሰት ጀመረ።

«ክሮቹስ?» አለ ይግዛው።

ሰገነት በመስኮት ያወጣችውን አንገቷን መለሰች። «ተበጥሰዋል ጋሼ።»

ይግዛው መኪናውን አቁሞ ቁልፉን አነሳ። ደምለው ስልኩን አወጣ። «ትእዛዝ ነው። ዝቅ ካደረጉት ሪፖርት እጽፋለሁ።»

ይግዛው ቁልፉን ከወንበሩ ሥር መለሰው።

ሞጣ ሲደርሱ የነዳጁ መርፌ ከታች ተኝቷል። ማደያው ሰኞ አላቸው። እንዲያው በዕድል ጥቂት መንገድ ሄዱና፣ ቀበሌዋ ሊታይ ትንሽ ሲቀር፣ ዳገት መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሰገነት ከብት የሰበሰቡትን ሽማግሌ አያ ወልደ ኪዳንን በስልክ ጠራች። እስኪመጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሦስት ጥማድ በሬና ወፍራም ገመድ ይዘው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጡ።

«ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ከብቱን እየነዳ ሄደ» አሉ። ከዚያ ቀና አሉ። «ይህ የቆመው ምንድን ነው?»

«የነፋስ መመለሻ ነው» አለ ይግዛው መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ተመለሰላችሁ?»

ገመዱ ታሰረ፣ በሬዎቹ ተንጠራርተው ጎተቱ፣ መኪናው ተነቃነቀ። በፍጥነት እየገሰገሰ ነው የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከስድስት በሬ ኋላ ቀስ እያለ ዳገቱን ወጣ። ደምለው ወደ ፊት ሮጠ፣ አነጣጠረ፣ እጁን አወዛወዘ።

«አያ፣ በሬዎቹን ዞር ያድርጉልኝ! ፎቶው ውስጥ ገቡ።»

«በሬዎቹ ዞር ካሉ መኪናው ይቆማል፣ ልጄ።»

«ይቁማ! ለፎቶ ነው።»

ይግዛው በሬዎቹን አስቁሞ ወረደ፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስደግፎ ቁልፉን አነሳና ጋቢናው ላይ ወጣ።

«ጋሽ ይግዛው፣ እጽፋለሁ ብያለሁ!»

«ጻፍ! ሌላ ምን ታውቃለህ አንተ?»

አራቱን ብሎን ፈትቶ ላሜራውን በግንባሩ አቧራው ላይ ጣለው። ደምለው ግን ፎቶውን ቀድሞ አንስቶ ነበር።

ሰገነት ስድስቱን በሬዎች ቀንበር ሥር እንዳሉ ከተበቻቸው። ከዚያ ይግዛው የበረዶውን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ ከበረት በረት ተከተላት። ከሰዓት በኋላ በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ሞቀ፤ የተረፈው ተደፋ። ከመንደሩ ከብት ግማሹ እንኳ አልተከተበም። ለቀሩት ባለቤቶች ሰገነት «በሚቀጥለው ወር» ስትል አንዲት ሴት የላሟን አንገት አቅፋ ሰገነትን አየቻት።

ፎቶው ቅዳሜ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ወጣ። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል። በሬዎቹ ተቆርጠው ወጥተዋል፤ ከገመዱ አንድ ጫፍ ብቻ ቀርቷል።

ሰኞ ነዳጁ በጀሪካን መጥቶ ከተቀዳ በኋላ ይግዛው ላሜራውን አንስቶ እንደ ቀድሞው አጋድሞ አሰረው። ከዚያም የብሎኖቹን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ደፈጠጣቸው፤ ማንም ሁለተኛ እንዳይፈታው፣ እሱም ጭምር።