በሐይቁ ላይ ያቆምኳት ፒካፕ

እኔ ሐሳብ አልቆብኝ አያውቅም። ሌላው ጸሐፊ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ፣ እኔ ቁርሴን እየበላሁ ሦስት ጽሑፍ እጨርሳለሁ። በሰሜን ሚኒሶታ ሐይቆች ውስጥ ስሜን የማያውቅ ዓሣ እንኳ የለም። ስለዚህ ያን ሰሞን የደረሰብኝ ነገር ሐሳብ ማጣት አይባልም። ሐሳቦቹ እኔን አጥተውኝ ነው እንበል።

ሎርና ደወለች። ሎርና የመጽሔቱ አዘጋጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ቅጥር የሌለኝ፣ በጻፍኩ ቁጥር የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። የመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ግን ለዓመታት የኔ ነው። ሰው መጽሔት ከኋላ መግለጥ የጀመረው በኔ ምክንያት ነው።

«ቨርሊን፣ የላክልኝን ሦስት ሐሳብ አየሁት» አለች። «አንደኛው አምና የጻፍከው ነው። ሁለተኛው ካቻምና የጻፍከው ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱን የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ሐሳብ ነዋ!»

አልሳቀችም። «ስማ፣ ስለ ድመቶቿ የምትጽፍ አንዲት ሴት አለች። ነገ እስከ እኩለ ቀን ሰምቼው የማላውቀው ነገር ካላመጣህ ገጹ የሷ ነው።»

«እመቤቴ፣ እኔኮ አርባ ሐሳብ አለኝ፤ የቸገረኝ መምረጡ ነው።»

«እንግዲያው ምረጥ» ብላ ዘጋችው።

ድመት! እኔን የሚያህል ሰው በድመት ሊተካ!

የኔ ዘዴ ጆሮ ነው። ግላዲስ ቁርስ ቤት እገባና ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ከተማው ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ትንሽ ቅመም ጣል አደርግበታለሁ፣ ይታተማል። አንድ ጊዜ የግላዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊጥ ውስጥ ወድቆ ደንበኛ ሲበላ እንዳገኘው ጽፌ ነበር። እውነቱን ለመናገር የተገኘው የሸሚዝ አዝራር ነው፤ ግን ስለ አዝራር ማን ያነባል?

በማግስቱ ማለዳ የቁርስ ቤቱን በር ስከፍት አንዱ «ቨርሊን መጣ! አፋችሁን ሰብስቡ!» ሲል ሰማሁ። ቤቱ ጭጭ አለ። እንቁላሉ መጥበሻው ላይ ሲንጫጫ ብቻ ይሰማል።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አልኩ።

ግላዲስ ቡናዬን እየቀዳች «ምንም። አየሩም እንዳለ ነው» አለችኝ። ውጪ የጣሪያው በረዶ ቀልጦ እንደ ቧንቧ ይወርዳል።

ወደ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሲያየኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ነገሩ ገባኝ። በከተማው ውስጥ ያልጻፍኩበት ሰው የለም፤ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይናገርም። የቀረኝ ሐይቁ ብቻ ነበር።

መጋቢት ነው። ከተማችን በየዓመቱ በብርዱ ወራት አንድ ሞተር አልባ አሮጌ መኪና በረዶው ላይ ጎትቶ ያቆማል፤ ሰው ሁሉ መቼ እንደሚሰምጥ ይወራረዳል። ከመኪናው ወዲህ፣ ከዳር ብዙም ሳይርቅ፣ የኦሪን ድንኳን ይታያል። ኦሪን በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ሲጠብቅ ሚስቱን የረሳ ሰው ነው። ፒካፔን ነድቼ በቀጥታ ወደሱ ሄድኩ። ከድንኳኑ ወጥቶ ሁለት እጁን አወናጨፈ። ሰላምታ መስሎኝ ጥሩምባ ነፋሁለት።

«አንተ እብድ! በእግርህ አትመጣም? በረዶው በስብሷልኮ!»

«ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጣ እንደምታነበው እኔ በረዶ አነባለሁ።»

«እኔ ጋዜጣ አላነብም።»

«ለዚህ ነዋ የማታውቀው» ብዬ አቁሜ ወረድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ባልዲ ገልብጠን ተቀመጥን። «በል አንድ አዲስ ነገር ንገረኝ። እኩለ ቀን ሳይደርስ ገጼ ለድመት ሊሰጥ ነው።»

«አልነግርህም። ባለፈው ‹ዓሣ አመለጠውና አለቀሰ› ብለህ ጻፍክብኝ።»

«አላለቀስክም?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር! እህቴ ከቴክሳስ ድረስ ደውላ አጽናናችኝ!»

«አንባቢ ጉንፋን አይወድም፣ ኦሪን።»

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ሲከፍት ውጪ አቡጀዲ ሲተረተር የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ዘለን ወጣን። ፒካፔ እንደሚሰግድ ሰው በአፍንጫዋ ተደፍታለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወረደች። የውርርዱ አሮጌ መኪና ግን ወዲያ ማዶ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«ጉድ ፈላ! ከአሜሪካ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ውስጥ ገባች!» ብዬ ጮኽኩ።

«እዚህ ጋ ውኃው ከወገብ አያልፍም» አለ ኦሪን።

እንዳለውም መሬት ነክታ ቆመች። ከውኃው በላይ የቀረው ጣሪያዋና መስኮቷ ነው። አንዲት የሐይቅ ወፍ መጥታ ጣሪያዋ ላይ አረፈች።

እየተንሸራተትን ዳር ስንደርስ ከተማው ቀድሞን ተሰብስቧል፤ ፔርሙዝና ዶናት ይዞ። ጠዋት ዲዳ የነበረው ሕዝብ አንደበቱ ተፈትቷል።

«ቨርሊን! በረዶውን አንብበህ ጨረስከው?»

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ነው የሰመጠው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እዚያ ድረስ ከገባህ አይቀር ጥርሴን ፈልግልኝ!» ብላ ግላዲስ ጮኸች።

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኝ ነበር። የኔም ጆሮ ትንሽ ጋለ። ግን ሳቁ ሳይበርድ አንዱ «ይሄማ ምን አላት፣ አጎቴ ትራክተር አስምጧል» አለ። ሌላው «ትራክተር? እኛ ያማቴን ሶፋ ነው!» ብሎ ተቀበለው። ወሬው እንደ ጎርፍ መጣ። እርሳሴን ብፈልግ ፒካፗ ውስጥ ቀርቷል።

እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ለሎርና ደወልኩ።

«አገኘሁት! መኪናውን ነድቶ ሐይቅ ውስጥ የከተተ ሰው።»

«ማን?»

ምላሴ ላይ የመጣው «ኦሪን» የሚል ነበር። ስሙ ቀላል ነው፤ ለቀልድም ይመቻል። ቀና ስል ኦሪን በረጠበ ጫማው ቆሞ ከራሱ ፔርሙዝ ሻይ ቀድቶ ይዘረጋልኛል።

«እኔ» አልኩ።

ሎርና ሳቀች፤ ጠረጴዛ እየመታች ሳቀች። «አንተ ራስህ ላይ ስትስቅ? ይሄንን ሰምቼው አላውቅም! ጻፈው፣ ገጹ ያንተ ነው። ሐይቁን ግን ጥልቅ እንዳታደርገው።»

«እኔ መቼ ጥልቅ አድርጌ አውቃለሁ?»

ውኃውን እስከ አንገት አድርጌ ላክሁላት፤ እሷ ወደ ወገብ መለሰችው። መጽሔቱ እንደ ትኩስ ዳቦ አለቀ። ድመቶቹ ከኔ ገጽ አጠገብ ቦታ አግኝተዋል፤ ሰው ወደኔ ሲመጣ እግረ መንገዱን ያያቸዋል።

አሁን ቁርስ ቤት ስገባ «ቨርሊን መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!» ይላሉ። መጽሔቱ በወጣ ማግስት ግላዲስ የቡና ጀበናውን ትታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አማቴ ያደረገችውን ልንገርህ። ስሟን ግን እንዳታነሳ።»

አዲሱን እርሳሴን አወጣሁ።

«ደግሞ» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «አዝራር ከሆነ አዝራር ብለህ ጻፍ።»

«አዝራር ብዬ እጽፋለሁ።»

ግን ትልቅ አዝራር።