ከመቶ ሁለት እጅ

አባቴ ሳሙና ፋብሪካውን ሲያወርስ ለማንም አላዳላም ብሎ ጉድ ሠርቶን ሞተ። ለሁለቱ ወንድሞቼ እኩል እኩል አክሲዮን ሰጠ፤ ካልተስማሙ እንድትዳኛቸው ከመቶ ሁለት እጅ ለእናቴ ተወ። ለእኔ ምንም። «አንቺ ነገ ባል ታገቢያለሽ፤ ልፋቴን ለሰው ላስረክብ?» አለኝ። ባል አላገባሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያው ማብሰያ ክፍል ውስጥ፣ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ከሚንተከተክበት ጋን አጠገብ ነው።

ሠራተኛው ትልቁን ወንድሜን «እናስብበት»፣ ትንሹን «ቶሎቶሎ» ይላቸዋል። «እናስብበት» መጀመሪያ ያረጀው የእንፋሎት ቦይለር ይቀየር ይላል። «ቶሎቶሎ» ደግሞ ቦይለሩ ይቆይና ከአክሲዮናችን ለአንድ ትልቅ አከፋፋይ እንሽጥ፣ ገበያውን ይዞልን ይመጣል ይላል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ቢደረግ እንተርፍ ነበር። የገደለን አንዱም አለመደረጉ ነው።

የቦርዱ ስብሰባ የሚካሄደው እናቴ ሳሎን ነው። ምሳ ይበላል፤ ሳህን ይነሳል፤ ከዚያ ሁለቱ እንደ አውራ ዶሮ ይፋጠጣሉ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እናቴ ይዞራል።

«እማዬ፣ ያንቺ ድምፅ?»

«ሁለታችሁም ዓይኖቼ ናችሁ፤ የትኛውን ላውጣ? ተስማሙና ንገሩኝ» ትላለች። ቃለ ጉባኤው ላይ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ይጻፋል። አምናም እንደዚያው፣ ዘንድሮም እንደዚያው።

ኦዲተራችን ከውጭ ገለልተኛ ሰብሳቢ ሹሙ ብሎ መክሮን ነበር። ወንድሞቼ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የተስማሙት ያን ቀን ነው። «የቤታችንን ገበና ለባዳ?» ብለው በአንድ አፍ ጮኹበት። ሰውየው ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ምነው እኔም ተከትዬው በወጣሁ እላለሁ አንዳንዴ።

እኛ ስንነታረክ ርካሽ ሳሙና ገበያውን ሞላው። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ከዱን። የቦይለሩ ቱቦ በሽቦና በጨርቅ እየታሰረ ሰነበተ። የቦይለሩ ሠራተኛ፣ ልጆቹን በሙሉ በዚህ ፋብሪካ ደሞዝ ያሳደገ ሰው፣ «እህቴ፣ ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፤ ይሄ ነገር ሰው ይበላል» ይለኝ ነበር። ነገርኳቸው። አንዱ «እኔ ምን ብዬ ነበር?» አለ፤ ሌላው «ለዚህ እኮ ነው አጋር ያስፈልገናል የምለው» አለ። አንድ ጠዋት ቱቦው ፈነዳና እንፋሎቱ የሰውየውን ፊትና አንገት ገሸለጠው። ጩኸቱ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሆስፒታል በቀጥታ እናቴ ጋ ሄድኩ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ለመንኳት።

«እማዬ፣ ያቺን ሁለት እጅ ለእኔ ስጪኝ። ምርጫው የእኔ ይሁን። ቦይለሩን እመርጣለሁ፤ የሚጠላኝ ይጥላኝ። አንቺ ከሁለቱም ጋር በሰላም ትኖሪያለሽ።»

ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየች። «ትንሹ ወንድምሽ ቂም ይይዝብሻል፣ ልጄ።»

«ይያዝብኝ! ሰው እየተቃጠለ እኮ ነው!»

«እሺ። ለስብሰባው አንድ ነገር አደርጋለሁ» አለች።

አመንኳት። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ በማግስቱ አዲሱ ቦይለር የሚቆምበትን ቦታ ለካሁ። ሠራተኞቹም ነገሩ ሳይገባቸው አብረውኝ ሳቁ።

በስብሰባው ቀን እናቴ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ጠበቀችን። ሰነዱን ቀድማ በጠበቃ አስጨርሳ ኖሯል። ለትልቁ አንድ እጅ፣ ለትንሹ አንድ እጅ። ከእንግዲህ ሃምሳ ለሃምሳ ናቸው፤ የሚዳኛቸው ማንም የለም። ወንድሞቼ ተራ በተራ ጉልበቷን ሳሙ። ከዚያ ስለ ቦይለሩ ተጀመረና እንደ ልማዳቸው ተፋጠጡ።

እናቴ ግን ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ፊቷ በርቶ ነበር። ወደ ጓዳ ወስዳ ግንባሬን ሳመችኝ።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለችኝ። «አሁን ማንም አይጠላሽም።»

ልክ ነበረች፤ ማንም አልጠላኝም። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ፊቱ የተቃጠለው ሰውዬ ራሱ አቅፎኝ «አይዞሽ» ብሎኛል። የጠላሁት እኔ ነኝ። እናቴን ጠላኋት። እሷም ታውቃለች፤ ምሳ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አታየኝም።