የገበያ ቀን ግምት

ውድነሽ ወፍጮዋን ያጣችው በአንድ ቅዳሜ ምክንያት ነው። የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ አሰላ ገበያው ሞልቶ፣ ሰው ስንዴና ገብሱን ይዞ ከወፍጮ ቤቷ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፎ ነበር። በዚያው ዕለት የነጋዴውን የቀን ገቢ የሚገምቱ ሦስት የኮሚቴ አባላት ደጃፏ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ ዋሉ። ውሃ አጠጣቻቸው፤ ዳቦም ቆርሳ ሰጠቻቸው። የግብሩ ወረቀት ሲደርሳት ግን ያ አንድ ቅዳሜ ዓመቱን ሙሉ እንደዋለ ተደርጎ ተሰልቷል። ክረምት ላይ ወፍጮው ጾሙን እንደሚውል፣ መብራትም በየሳምንቱ እንደሚጠፋ የጻፈ የለም።

ከሦስቱ ሰዎች አንዱ የነጋዴዎች ተወካይ የሆነው የእህል ነጋዴው እንደሻው ነበር። ቅሬታዋን ይዛ መጋዘኑ ድረስ ሄደች።

«ጋሽ እንደሻው፣ እርስዎ ያውቁኛል» አለችው። «ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ወፍጮ ነው።»

«ሰልፉን በዓይኔ አይቻለሁ» አላት ከወንበሩ ሳይነሳ። «አገር የሚለማው በግብር ነው፣ ውድነሽ። ሁላችንም እንከፍላለን።»

ግብሩን ለመክፈል ወፍጮዋን ሸጠች። አንድ ደላላ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ከወር በኋላ በዚያ መንገድ ስታልፍ አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን ወፍጮዋን በእንደሻው ግቢ፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኖ ቆሞ አየችው። አላለቀሰችም። በማግስቱ ተመልሳ ሥራ ጠየቀችው።

እንደሻው ደስ አለው። እህል ከሚያበጥሩት ሃያ ሴቶች ጋር በቀን ሒሳብ ቀጠራት። እንግዳ ሲመጣ በአገጩ ወደ እሷ እያመለከተ «ወፍጮ ቤት የነበራት ናት፤ ወድቃ እኔ አነሣኋት» ይል ነበር። ውድነሽ ትሰማለች፤ ወንፊቷን ታነቃንቃለች። ሰው ሁሉ ክብሯን የጣለች መሰለው። አብራት የምትቀመጠው የአራት ልጆች እናት የሆነችው ከዲጃ ብቻ «ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ አንድ ነገር ታስቢያለሽ» ትላት ነበር።

ሁለት ዓመት አበጠረች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከጮሌ ወረዳ ገበሬዎች ያለ ደረሰኝ የሚገዛው ገብስ አሰላ እንደማይገባ አወቀች። የእንደሻው አይሱዙ መኪና በቀጥታ ሲሬ ከተማ ይወስደዋል። እዚያ ምንም ጽሑፍ የሌለበት የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ሴቶቹ እየተጫኑ ሄደው እዚያው ያበጥሩታል፤ ዋጋ እስኪንር ይከማቻል፤ ሲንር ይወጣል። እንደሻው ለመንግሥት ያስመዘገበው የአሰላውን መጋዘን ብቻ ነው። ግብሩም ከአንድ ልብስ ሰፊ ግብር ብዙ አይበልጥም። ውድነሽ የመኪናውን ታርጋና ቀኑን በልጇ ደብተር ጀርባ ትጽፍ ነበር።

ከደሴ ተመድባ የመጣች ቢታንያ የምትባል ወጣት የግብር ኦዲተር አሰላ እንደገባች ውድነሽ ሰማችና ደብተሩን ይዛላት ሄደች።

ቢታንያ ገጾቹን ቀስ ብላ ገለጠች። «ይህን ሁሉ ሲጽፉ አልፈሩም፣ እናቴ?»

«አልፈራሁም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትሄዱ በገበያ ቀን ሂዱ። እኔ ጋ የመጡት በገበያ ቀን ነው።»

በጥር ወር፣ በሲሬ ገበያ ቀን፣ ቢታንያና ሁለት ፖሊሶች የቆርቆሮውን መጋዘን በር አስከፈቱ። ገብሱ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ውድነሽ ሌሎቹ ሴቶች ሲሸሹ ወንፊቷን እንደያዘች መሐል ቆመች። እዚያው የነበረው እንደሻው ሲያያት ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ፊት ለማየት ሁለት ዓመት ጠብቃ ነበርና ዓይኗን አልነቀለችም።

ሽማግሌ ላከባት። ወፍጮዋን እመልሳለሁ፣ ከላዩም እጨምራለሁ፣ ምስክርነቷን ብቻ ትተው አለ።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች ለሽማግሌዎቹ። «እሱም ያኔ ሰልፉን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎኛል።»

ሁለቱም መጋዘኖች ታሸጉ። በዚያው ሳምንት ሃያ ሴቶች ሥራ ፈቱ። ከዲጃ ውድነሽ ቤት ድረስ መጣች፤ ግቢ ብትባልም አልገባችም።

«እሱ ላይ ባደረግሽው አልጠላሁሽም» አለች ከደጅ ሆና። «ግን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። እኛን አላሰብሽንም።»

እውነቷን ነበር። በሁለቱ ዓመታት ለውድነሽ የታያት የእንደሻው ፊት ብቻ ነበር።

መንግሥት ለጠቋሚ በሚሰጠው ገንዘብ አዲስ ወፍጮ ገዛች። ከዲጃን ለሥራ ብትጠራት «አመሰግናለሁ» ብላ ቀረች። አብረዋት ያበጠሩት ሴቶችም እህላቸውን ተሸክመው በደጇ እያለፉ ታች ሰፈር ካለው ወፍጮ ያስፈጩ ጀመር። ወፍጮው ከቀኑ ግማሹን ቆሞ ይውላል። ጸጸት እስኪመጣባት ጠበቀች። ስለ ከዲጃ መጣ፤ ስለ እንደሻው ግን አልመጣም።

ሰኔ ላይ አንድ ሾፌር ጤፍ ሊያስፈጭ መጥቶ ወሬ ነገራት። እንደሻው አንዱን መኪና ሸጦ ቅጣቱን ከፍሏል። አሁን አቦምሳ በወንድሙ ስም መጋዘን ከፍቶ ማሽላና በቆሎ እየሰበሰበ ነው።

«ደረሰኝ ይሰጣል?» አለችው።

ሾፌሩ ሳቀ።

ውድነሽ ጤፉን ፈጭታ ጨረሰች፤ የሰውየውን ዱቄት መዝና ሰጠችው። ከዚያ ወፍጮውን አጠፋች፤ ዱቄቱን ከፊቷ አበሰች። ሦስት ሰዎች ገና ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ዛሬ በቃ» አለቻቸው። «ነገም የለሁም።»

«ምነው፣ ምን ገጠመሽ?» አሏት።

በሩን ቆለፈች፣ አዲስ ደብተር ከሱቅ ገዛችና አቦምሳ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ወረደች።