የኮሶዬ ጨረቃ

ቀናተኛ ነኝ። ሰው ሳይነግራችሁ ከራሴ አፍ ስሙት። ባሌ ዳኛው ለጎረቤት ሴት «እንዴት አደርሽ» ሲል እንኳ ድምፁ ለሰለሰ ብዬ የምጣላ ሴት ነበርሁ።

ዳኛው እህል ነጋዴ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስና ባቄላ በአራት አህያ ጭኖ ጎንደር ያወርዳል። የቀን ፀሐይ አህያ ስለሚያደክም መንገዱን የሚይዘው በጨረቃ ነው፤ ማታ ጭኖ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ደጄ ይደርሳል። ከመንገዱ ላይ ኮሶዬ አለች። እዚያ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል። ኮሶዬ ላይ ደግሞ ትርንጎ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ጠላ ሻጭ አለች።

ስሟን መጀመሪያ ያነሣው እሱ ራሱ ነው። «የትርንጎ ጠላ ሸጋ ነው» አለ አንድ ቀን፣ የኔን ጠላ እየጠጣ። እየጠጣ! ከዚያ ወዲያ ሆዴ አላረፈም። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም። በሐሳቤ ግን ቀይ፣ ረጅም፣ አንገተ ንቅሳት አድርጌ ሠራኋትና በገዛ ሥራዬ ተቃጠልሁ። እንጀራ ስጋግር ትርንጎ፣ ውሃ ስቀዳ ትርንጎ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር ትርንጎ!

እኔ ግን እንደ ሌላዋ ሴት ከቤት ቤት እየዞርሁ ወሬ አልለቅምም። የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅ ነኝ። አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ ጾሙ የሚገባበትን፣ በዓሉ የሚውልበትን፣ ጨረቃዋ ስንት ሌሊቷ እንደሆነ በቁጥር የሚያወጡ። ልጅ ሳለሁ ተማሪዎቻቸው ግቢያችን ተቀምጠው በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ እየፈጨሁ አብሬ እቆጥር ነበር። ጨረቃ ስትወለድ ፀሐይን ተከትላ ወዲያው ትገባለች። በሰባት በስምንት ሌሊቷ ግማሽ ሆና እስከ እኩለ ሌሊት ታበራለች። በዐሥራ አምስት ሞልታ፣ ፀሐይ ስትገባ ወጥታ ሲነጋ ትገባለች። ከዚያ በየሌሊቱ እየዘገየች፣ እየከሳች፣ በሀያ ዘጠኝ በሠላሳ ትጠፋለች። ይኼን አባቴ ለጾም ሲያውሉት እኔ ለባሌ አዋልሁት። «ጨረቃ እስክትወጣ ቆየሁ» ሲለኝ እጄን ከነጠላዬ ሥር አድርጌ እቆጥራለሁ። አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። አለመዋሸቱ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ዘመኑ አርባ ዘጠኝ፣ ወሩ ግንቦት ነው። ዳኛው አምባ ጊዮርጊስ ነበር። ማታ ፀሐይ ስትገባ ጨረቃዋ ከምሥራቁ ተራራ ሞልታ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ። «ዛሬስ መንገዱ ቀን ሆነለት» ብዬ ገባሁ። ከዚያ ደመናው መጣ፣ ዝናቡ ወረደ፣ ጎንደር በሩን ዘግቶ ተኛ።

ጎህ ቀደደ፣ ዳኛው የለም። ፀሐይ ወጣች፣ የለም። የመጣው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው።

«ምነው?» አልሁት።

«ጨረቃ ጠቆረችብኝ እኮ!» አለ። «ኮሶዬ ስደርስ ጫፏ ተበላ። እያየኋት ጭልም አለች፣ ኋላማ ደም መሰለች። ገደሉም መንገዱም አልለይ አለኝ። አህዮቹን ትርንጎ ደጅ አቁሜ እስክትመለስ ጠበቅሁ። ቤት እንኳ አልገባሁም፤ ደጅ ነው የቆየሁ።»

ትርንጎ! ከዚያ ስም በኋላ ያለውን ጆሮዬ ሰማው እንጂ ልቤ አልሰማውም።

«ስንት ሌሊቷ ነበር?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ። ሙሉ ነበረች።»

«ሙሉ! ዐሥራ አምስት! ጨረቃ የምትጠፋው በሠላሳ ነው! አንተ ሰው፣ ከሌሊት ሁሉ መርጠህ በዐሥራ አምስቱ ጠቆረች ብለህ የመሪጌታን ልጅ ታታልላለህ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው የጨረሰኝ። በጨረቃው የዋሸ፣ ደጅ ቆየሁ ብሎ ከመዋሸት ምን ያግደዋል? ሦስት ሳምንት አንድ ቃል አልተናገርሁትም፤ እህል ውሃም አላሰኘኝ። ሌሊት ሌሊት ሁለቱን በሐሳቤ አንድ መደብ ላይ አስቀምጬ አያቸዋለሁ። አባቴን እንዳልጠይቅ ለሁዳዴ ዋልድባ ገዳም ሄደው ገና አልተመለሱም። ብጠይቅስ ምን ልጠይቅ? የማውቀውን?

ሰኔ ላይ ሽማግሌ አስቀመጥሁ። ሰብሳቢው አያ አላምረው ነበሩ።

ዳኛው «ልማል» አለ። እኔ «መሐላ ምን ያደርጋል፣ ልቁጠርላችሁ» ብዬ ጣቴን ዘርግቼ በሽማግሌው ፊት ከልደቷ እስከ ሙላቷ ቆጠርሁ።  የመሪጌታ ልጅ ስትቆጥር ማን ይከራከራል!

አያ አላምረው ጺማቸውን እየዳበሱ «ጨረቃስ ስትጠቁር አይቼ አውቃለሁ» አሉ። «በስንት ሌሊቷ እንደሆነ ግን ልብ አላልሁም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው፣ ልጄ። ወደ ኮሶዬ ሰው እንላክና ያየ ይጠየቅ።»

«ማን ይጠየቅ? ትርንጎ?» ብዬ ተነሣሁ። «ሌባ ለሌባ ይመሰክራል? አልፈልግም! ፍቱኝ!»

ፈቱኝ። ሁለት አህያ ለሱ፣ ሁለት ለኔ። ዳኛው የራሱን ሁለት እየነዳ ሲወጣ ደጁ ላይ ቆም አለና «ልማል ብዬሽ ነበር፣ ስንዱ» አለኝ። ፊቴን አዞርሁበት።

በነሐሴ ዳኛው ኮሶዬ፣ ትርንጎ ቤት ገባ የሚል ወሬ መጣ። «አላልኋችሁም!» እያልሁ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርሁ። ከዚያ ቤቴን ዘግቼ እንደ ለቅሶ ቤት ደረቴን መታሁ። መርታቴ ምንም አልጠቀመኝ።

በጥቅምት መጀመሪያ አባቴ ከዋልድባ ተመለሱ። እግራቸውን አጥቤ፣ እራት እስኪደርስ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ስለ ገዳሙ ሲያጫውቱኝ «በግንቦትማ ጉድ አይተን» አሉ። «ጨረቃ ደም ለብሳ፣ መነኮሳቱ በሙሉ እግዚኦ እያሉ እስክትመለስ ቆሙ።»

ዋንጫዬን መሬት አስቀምጬ ዞርሁባቸው።

«ኧረ አባ! በስንት ሌሊቷ?»

«በዐሥራ አምስቷ ነዋ። ሌላ መቼ ትጠቁራለች?»

«ጨረቃ የምትጠፋው በሠላሳ አይደለም?»

«መጥፋትና መጥቆር ምን አገናኘው? ያንን የማስተምር ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንቺ ከወፍጮሽ ሆነሽ የሰማሽው ቆጠራውን ብቻ ነው።» ተነሡና ክንዴን ይዘው በምትገባው ፀሐይ ፊት አቆሙኝ፤ ጀርባዬን ለፀሐይ፣ ፊቴን ከግድግዳው ሥር ላለችው ጋን። «ጋኗ ጨረቃ ናት እንበል፣ አንቺ ምድር። ፀሐይ ከኋላሽ ናት። ቀና ብለሽ ስታያት ፊቷ በሙሉ በርቷል፤ ሞላች የምንለው ይኼን ነው። አሁን ጥቂት ወደ ቀኝ።»

ወደ ቀኝ አልሁ። ጥላዬ ጋኗ ላይ ወደቀና ጠቆረች።

«አየሽ? ጥላሽ የሚያገኛት ከፀሐይ ትይዩ ስትቆም ብቻ ነው። ትይዩ የምትቆመውም ስትሞላ ብቻ ነው። በየወሩ የማይሆነው ከፍ ዝቅ እያለች ስለምታመልጠው ነው። ፀሐይ ደግሞ የምትጠቁረው ጨረቃ ባለቀች ጊዜ፣ ከፊቷ ስትጋርዳት ነው። ምነው፣ ልጄ? ምነው ታለቅሻለሽ?»

በዐሥራ አምስቱ ነው ያልሁት፣ ሰዎች! ውሸት ነው ብዬ በጣቴ የቆጠርሁበት ሌሊት፣ ጨረቃ ልትጠቁር የምትችልበት ሌሊት እሱ ብቻ ነበር። ትዳሬን በገዛ ጣቴ ቆጥሬ አፈረስሁ።

ከቀናት በኋላ፣ ጥቅምት ዐሥራ ሁለት፣ እህል ልትጭን የምትወጣ ማኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ ኮሶዬ ሄድሁ። ይቅርታ ልለው ነበር። ቢታረቀኝ ደግሞ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ይዤው ልመለስ ነበር።

ስደርስ ፀሐይ ገብታለች። የጠላ ቤቱ ደጅ ላይ አንዲት አጭር፣ ጠይም፣ ፊቷን ፈንጣጣ የነካካት ሴት ጋን ታጥባለች። ንቅሳትም የላት። «ትርንጎ የት ናት?» አልኋት። «እኔ ነኝ፣ ተቀመጪ» ብላ ጠላ ቀዳችልኝ። አፈር ልብላ፣ ጠላው ሸጋ ነበር።

ማን እንደሆንሁ አልነገርኋት። «በግንቦት እዚህ ጨረቃ ጠቁራ ነበር አሉ» አልሁ እንደ ዋዛ።

«ወይ ያች ሌሊት!» ብላ ሳቀች። «አሁን ባሌ የሆነው ሰው ያኔ መንገደኛ ነበር። አህዮቹን ይዞ እዚች፣ አንቺ የተቀመጥሽባት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግባ ብለው፣ ‹ሚስቴ ቀናተኛ ናት፤ ገባ ቢሏት ትሞትብኛለች› ብሎ እንቢ አለኝ። ጠላውን እንኳ ደጅ ነው የሰጠሁት። እኔ ከውስጥ ሆኜ፣ እንዲህ የሚሳሱላት ምን ያለች ሴት ናት ብዬ ቀናሁባት፣ እቴ! ኋላ ፈታችው አሉ። ክረምት ላይ ሲያልፍ ዳግመኛ ግባ አልሁት፤ ያኔ ገባ።»

 ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ከቤት ውስጥ ድምፁ መጣ። «ማነው፣ ትርንጎ?»

«መንገደኛ ናት።»

«ወደ ታች ነው የምትሄደው? ኧረ ተያት፣ ገደል ነው። ዛሬ ጨረቃ የለም። ግቢ በያትና ትደር።»

እጄን ከነጠላዬ ሥር አድርጌ በአንጓዬ ቆጠርሁ። ሀያ ዘጠኝ ነበረች። እውነቱን ነበር።